ሮው ፎቶን ወደ ጄፔግ መቀየር፦ ከሚሞሪ ካርድ እስከ ፎቶ ቤት

አንድ ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ይደርሰኛል። አንዱ «የሰርጋችንን ፎቶ በፍላሽ ሰጡን፣ ስልካችን ግን አልከፍትም አለ» ይላል። ሌላዋ «ካሜራዬን ሮው ላይ አድርጌ ነበር ያነሳሁት፣ አሁን ፌስቡክ አልጭንም አለኝ» ትላለች። ሦስተኛው ፎቶ ቤት ሄዶ «ይሄ ፋይል እዚህ አይሠራም» ተብሎ ተመልሷል። የሦስቱም መልስ አንድ ነው፤ ፋይሉ ሮው ስለሆነ ወደ ጄፔግ መቀየር አለበት። እንዴት እንደሚቀየር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እነሆ።

ማሳያ ያደረግኩት የካኖን ካሜራንና የካኖንን የራሱን ነፃ ሶፍትዌር ነው። ጥያቄዎቹ በብዛት የሚመጡት ከካኖን ተጠቃሚዎች ስለሆነ ነው። ኒኮን፣ ሶኒ ወይም ፉጂ የያዛችሁም ተከተሉኝ። የሚለየው የምትጫኑት ቁልፍ ስም ነው እንጂ ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

ሮው ምን ዓይነት ፋይል ነው?

ሮው ገና ያልታጠበ ፊልም በሉት። ካሜራው ውስጥ ያለው ሴንሰር የሰበሰበውን ብርሃን እንዳለ ይዞ ተቀምጧል። ጄፔግ ደግሞ ታጥቦ ያለቀው ፎቶ ነው፤ የትም ይከፈታል፣ የትም ይላካል።

በሁለቱ መካከል ያለው የመረጃ ልዩነት ትልቅ ነው። የካሜራ ሮው ብዙ ጊዜ 12 ወይም 14 ቢት ነው። 14 ቢት ከሆነ እስከ 16,384 የብርሃን ደረጃዎችን መለየት ይችላል። ጄፔግ 8 ቢት ስለሆነ ለእያንዳንዱ ቀለም ያለው 256 ደረጃ ብቻ ነው። ስትቀይሩ ትርፉ መረጃ ይጣላል፣ የተጣለው ደግሞ አይመለስም። ብርሃንና ቀለም ማስተካከል ያለባችሁ ከመቀየራችሁ በፊት ነው የምለው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ቀድሞ ይቀይርና ጄፔጉ ላይ ይታገላል፤ ያኔ ጊዜው አልፏል።

ፋይላችሁ ሮው መሆኑን የምታውቁት ከስሙ መጨረሻ፣ ከነጥቡ በኋላ ባሉት ፊደላት ነው። ካኖን ሲአር2 ወይም ሲአር3 ይላል። ኒኮን ኤንኢኤፍ፣ ሶኒ ኤአርደብሊው፣ ፉጂ አርኤኤፍ ይላሉ። ስልክ ላይ የሚነሳ ሮው ብዙውን ጊዜ ዲኤንጂ ነው። ዊንዶውስ እነዚህን ፊደላት ይደብቃል። ዊንዶውስ 11 ላይ ፎልደሩን ክፈቱና ከላይ «ቪው»፣ ከዚያ «ሾው»፣ ከዚያ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ምረጡ። ወዲያው ይታያሉ።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ተመልከቱ። ብዙ ካሜራዎች ሮውና ጄፔግን በአንድ ጊዜ ማስቀመጥ ይችላሉ። ፎልደሩ ውስጥ ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ሁለት ሁለት ፋይሎች ካሉ አንደኛው ጄፔግ ሊሆን ይችላል። ከሆነና ፎቶው ደስ ካላችሁ ምንም መቀየር አያስፈልጋችሁም፤ ጄፔጉን ላኩት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኮምፒውተር ወይም ላፕቶፕ። 8 ጊጋባይት ራም ቢኖረው ሥራው አይንቀራፈፍም።
- ካርድ ሪደር። በካሜራው ገመድም ይሆናል፣ ግን የካሜራውን ባትሪ ይበላል። ኮፒው መሃል ላይ ባትሪው ቢያልቅ ሥራው ይቋረጣል።
- ባዶ ቦታ። 24 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚያወጣው አንድ ሮው ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ይመዝናል። 500 ፎቶ ካላችሁ ለሮው ብቻ 14 ጊጋባይት ገደማ ትፈልጋላችሁ። ለጄፔጎቹ ሌላ 4 ጊጋባይት ጨምሩ። 20 ጊጋባይት ክፍት ካላችሁ ትንፋሽ ታገኛላችሁ።
- ሁለተኛ ማስቀመጫ፤ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ወይም ትልቅ ፍላሽ።
- ሶፍትዌር። የትኛው እንደሆነ ደረጃ 2 ላይ አለ።

ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ማስጠንቀቂያ

የፋይሉን ስም በመቀየር ፎቶ አይቀየርም። ከሲአር2 ላይ ፊደሎቹን አጥፍታችሁ ጄፔግ ብላችሁ ብትጽፉ የውስጡ ይዘት ያው ሮው ነው። ስልኩ አሁንም አይከፍተውም። ያደረጋችሁት ካላችሁ አትደንግጡ፤ የድሮውን ስም መልሱለት፣ ፋይሉ አልተጎዳም።

ሮውዎቹ ሁለት ቦታ ሳይቀመጡ ሚሞሪ ካርዱን ፎርማት አታድርጉ። ሰርግና ክርስትና ድጋሚ አይነሳም።

«እዚህ ይጫኑ፣ በነፃ እንቀይርልዎ» የሚሉ ድረ ገጾችን ለቤተሰብ ፎቶ አልመክርም። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ፋይል 25 ሜጋባይት ሲሆን ዳታችሁን ይጨርሳል። ሁለተኛ፣ የልጆቻችሁ ፎቶ የማታውቁት ሰርቨር ላይ ሊቀር ይችላል። ሦስተኛ፣ ብርሃኑንና ቀለሙን የሚወስንላችሁ ማሽን ነው፤ እናንተ ምንም አትነኩም።

አሠራሩ

1. ሮውዎቹን ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጡ። አንድ ፎልደር ክፈቱና ስሙን በቀንና በዝግጅቱ ስም ሰይሙት። ውስጡ ሁለት ፎልደር ፍጠሩ፤ አንዱን «ሮው»፣ ሌላውን «ጄፔግ» በሉት። ሮውዎቹን ሁሉ መጀመሪያው ውስጥ ኮፒ አድርጉ። «ከት» አትበሉ፣ «ኮፒ» በሉ። ከት ስታደርጉ መብራት ቢሄድ ወይም ካርዱ ቢነቃነቅ ፋይሉ ከሁለቱም ወገን ሊጠፋ ይችላል። ኮፒ ከሆነ ግን ካርዱ ላይ ያለው አይነካም።

ሁለት ፎልደር ያልኩት ለጽዳት ብቻ አይደለም። ካሜራው ሮውና ጄፔግ አብሮ አስቀምጦ ከሆነ፣ እናንተ የምታወጡት አዲስ ጄፔግ ከካሜራው ጄፔግ ጋር አንድ ዓይነት ስም ይኖረዋል። አንድ ፎልደር ውስጥ ከተገናኙ አንዱ ሌላውን ሊደመስስ ይችላል።

ኮፒው ሲያልቅ የፋይሎቹን ብዛት ካርዱ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። እኩል ከሆነ ወደ ሁለተኛው ማስቀመጫም ገልብጡ።

2. ሶፍትዌሩን ጫኑ። ለካኖን «ዲጂታል ፎቶ ፕሮፌሽናል» የሚባል አለ፤ በአጭሩ ዲፒፒ። ከካኖን ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳል። የካሜራውን ሴሪያል ቁጥር ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ካሜራው ሥር ተጽፏል። ለኒኮን «ኤንኤክስ ስቱዲዮ»፣ ለሶኒ «ኢሜጂንግ ኤጅ ዴስክቶፕ» አሉ፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው። የፉጂው «ኤክስ ሮው ስቱዲዮ»ም ነፃ ነው፣ ግን የሚሠራው ካሜራው በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ተያይዞ ነው።

የካሜራው አምራች ያወጣውን የምመክረው በቀለሙ ምክንያት ነው። ካሜራው ስክሪን ላይ ያያችሁት ፎቶ ሮው ውስጥ አብሮ የተቀመጠ ትንሽ ጄፔግ ነው። አምራቹ ያንን ቀለም እንዴት እንደሠራው ያውቃል፤ ሶፍትዌሩም ከዚያ ይነሳል። «ዳርክቴብል» እና «ሮው ቴራፒ» ጎበዝ ነፃ ሶፍትዌሮች ናቸው፣ የብዙ ካሜራዎችንም ፋይል ይከፍታሉ። ግን ፎቶው መጀመሪያ ሲከፈት ደብዘዝ ብሎ ወይም ቀለሙ ተለውጦ ሊታያችሁ ይችላል። ፎቶው ተበላሽቶ አይደለም፤ ከዜሮ ጀምራችሁ እንድታስተካክሉት እየጠበቀ ነው። ለጀማሪ ይህ አድካሚ ነው።

ሶፍትዌሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። ከየፍላሹ የሚገለበጥ ሶፍትዌር ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

3. ስክሪናችሁን አዘጋጁ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ማታ ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገው «ናይት ላይት» በርቶ ከሆነ አጥፉት። ካላጠፋችሁት ዓይናችሁ ቢጫውን የፎቶው ችግር አድርጎ ይቆጥረዋል። እናንተም ታስተካክሉና ፎቶው ፎቶ ቤት ሲደርስ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። የስክሪኑን ብርሃን መካከለኛ አድርጉ። በጣም ከደመቀ ፎቶውን ታጨልሙታላችሁ፣ በጣም ከደበዘዘ ከልክ በላይ ታበሩታላችሁ። መስኮት ፊት ለፊትም አትቀመጡ።

4. ምረጡ። ዲፒፒን ስትከፍቱ በግራ በኩል ፎልደሮች ይታያሉ። «ሮው» ያላችሁትን ምረጡ፣ ፎቶዎቹ በትንንሹ ይደረደራሉ። ዓይን የጨፈኑትን፣ የተንቀጠቀጡትን፣ ድግግሞሹን ተዉ። ለሚቀየሩት ኮከብ ስጡ። ማስተካከል ጊዜ ይበላል፤ 500ውን ከማስተካከል 80 ጥሩ ፎቶ ማስተካከል ይሻላል። የተዋችሁትን አሁን አትሰርዙት፣ ዝም ብላችሁ እለፉት።

5. መጀመሪያ ዋይት ባላንስ፣ ማለትም ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሙን ማስተካከል። ፎቶውን ደብል ክሊክ ስታደርጉ በትልቁ ይከፈታል፣ ጎኑ ላይ የማስተካከያ መሣሪያዎቹ ይመጣሉ። ከብርሃኑ በፊት ቀለሙን የምናስተካክለው፣ ቀለሙ ሲቀየር የብርሃኑ ስሜትም ስለሚቀየር ነው። ብርሃኑን ቀድማችሁ ብትነኩ ተመልሳችሁ ደግማችሁ ትሠሩታላችሁ።

ከዝርዝሩ የብርሃኑን ዓይነት ምረጡ፦ ፀሐይ፣ ጥላ፣ ደመና፣ አምፖል፣ ፍሎረሰንት። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ የጠብታ ቅርጽ ያላትን መሣሪያ ወስዳችሁ ግራጫ ወይም ነጭ የሆነ ነገር ላይ ክሊክ አድርጉ። ሶፍትዌሩ ያንን ነጥብ ቀለም አልባ ያደርገውና ሌላውን ከእሱ ጋር ያስተካክላል።

እዚህ ላይ ለእኛ ሰርግና በዓል ፎቶዎች የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁሉም ነጭ ለብሷልና ዓይናችን ነጠላ ላይ ክሊክ ማድረግ ይቀናዋል። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ግን ብዙ ጊዜ ድፍን ነጭ አይደለም፤ ትንሽ ወደ ክሬም ያደላል። እሱን «ነጭ ነው» ብላችሁ ለሶፍትዌሩ ከነገራችሁት ክሬሙን ለማጥፋት ሰማያዊ ይጨምራል። የሰው ፊት ላይ ያለው ሙቀት አብሮ ይሄዳል፣ ቆዳው አመድማ ይሆናል። ከነጠላው ይልቅ የወንዱን ነጭ ሸሚዝ፣ ግራጫ የሲሚንቶ ግድግዳ ወይም ወረቀት ፈልጉ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የሰው ፊት እዩ። ፊቱ ጤናማ ከመሰለ ነጠላው ትንሽ ክሬም ቢመስል ትክክል ነው፤ በእውነትም ክሬም ነውና።

ሻማና ፍሎረሰንት የተቀላቀለበት ቤት ውስጥ የተነሳ ፎቶ ሙሉ በሙሉ አይስተካከልም። ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ አረንጓዴ ነው። እዚያ ፊት ላይ ያረፈውን ብርሃን ምረጡና ዳራውን ተዉት።

6. ከዚያ ብርሃን። ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህ ነው።

የካሜራው ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል። ፍሬሙን ነጭ ልብስ ሲሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል። ስለዚህ በነጭ ልብስ መሃል ያለ ጠይም ፊት ጨለማ ውስጥ ይቀራል። የአገራችን ሰርግና ጥምቀት ፎቶዎች በብዛት ያለባቸው ችግር ይሄ ነው። ፎቶውን እንዳለ ወደ ጄፔግ ብትቀይሩት ፊቱ ጨለማ እንደሆነ ይዘጋል።

እንዲህ አድርጉ። «ብራይትነስ» የሚለውን መጀመሪያ ወደ ላይ ግፉ፣ ከ+0.3 እስከ +0.7 ሞክሩ። የምታዩት ፊቱን ብቻ ይሁን። ፊቱ ላይ ዓይንና የጉንጩ ቅርጽ በደንብ ሲለዩ አቁሙ። አሁን ነጠላውን እዩ፤ ምናልባት ድፍን ነጭ ሆኖ ሽመናው ጠፍቷል። «ሃይላይት» (የፎቶው በጣም ብሩህ ክፍል) የሚለውን ወደ ታች አውርዱት፣ ከ-2 ጀምሩ። ፎቶውን 100 በመቶ አጉልታችሁ የነጠላውን ትከሻ ላይ ያለውን እጥፋት ተመልከቱ። የክሩ መስመርና የጥበቡ ጠርዝ ተመልሶ ከመጣ በቂ ነው። ጥላው ውስጥ ያለው ጥቁር ፀጉር ጠቅላላ ከተዋጠ «ሻዶው»ን በጥቂቱ ከፍ አድርጉ። ብዙ ከጨመራችሁት ጨለማው ውስጥ ነጠብጣብ ይወጣል፣ ስለዚህ በልክ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ሮው ስለሆነ ነው። ጄፔግ ላይ ሃይላይት ብታወርዱ ነጩ ግራጫ ይሆናል እንጂ ሽመናው አይመለስም። ሮውም ቢሆን ተአምር አይሠራም። ሲነሳ ሴንሰሩ ሙሉ በሙሉ ሞልቶ ከነበረ እዚያ ቦታ ላይ የሚመለስ መረጃ የለም። «ፕሪቪው» ከሚለው ሜኑ የሃይላይት ማስጠንቀቂያውን ብታበሩ ከልክ ያለፈው ቦታ በቀለም ይታያችኋል።

7. ማቅናትና መቁረጥ። አድማሱ ወይም ምሰሶው ከዘመመ አቅኑት። ስትቆርጡ ለፎቶ ቤት ቦታ ተዉ። የብዙ ካሜራዎች ፍሬም 3 ለ 2 ነው፣ 10 በ15 እና 20 በ30 ሴንቲሜትር ወረቀት ላይ ልክ ይገባል። 20 በ25 ካሳተማችሁ ግን ከጫፍ ይቆረጣል። ዳር የቆመ ሰው ካለ ያኔ ነው የሚጠፋው።

8. የቀለም ክልሉን ኤስአርጂቢ አድርጉ። ዲፒፒ ላይ «አጀስትመንት» ከሚለው ሜኑ «ወርክ ከለር ስፔስ» ውስጥ ታገኙታላችሁ። «አዶቤ አርጂቢ» የሚባለው ሰፊ ነው፣ ስሙም ባለሙያ ያሰኛል፣ ብዙ ሰው ስለዚህ ይመርጠዋል። ግን ብዙ ስልክ፣ አፕና የማተሚያ ማሽን የሚጠብቀው ኤስአርጂቢን ነው። አዶቤ አርጂቢ ሲደርሳቸው በትክክል ካላነበቡት ቀለሙ ይደበዝዛል፣ የሐበሻ ቀሚሱ ቀይ ጥበብ ቡኒ ይመስላል።

9. አንዱን ቀይራችሁ ሞክሩ። መጀመሪያ ያስተካከላችሁትን «ሴቭ» በሉ። ዲፒፒ ማስተካከያውን ብቻውን ይመዘግባል፣ ካሜራው ያነሳው መረጃ አይነካም። ከዚያ «ፋይል» ውስጥ ገብታችሁ «ኮንቨርት ኤንድ ሴቭ» በሉ። የሚከፈተው ሳጥን ላይ የምትሞሉት እነዚህን ነው፦

- ማስቀመጫ፦ «ጄፔግ» ያላችሁት ፎልደር።
- የፋይል ዓይነት፦ «ኤግዚፍ ጄፔግ»። «ቲፍ» የሚለውን አትምረጡ፤ በጣም ትልቅ ነው፣ ስልክም ብዙ ጊዜ አይከፍተውም።
- ጥራት፦ ከ1 እስከ 10 ነው። ለማሳተም 10፣ ለስልክና ለማኅበራዊ ሚዲያ 8። ከ6 በታች ከወረዳችሁ ሰማዩና ቆዳው ላይ ካሬ ካሬ ቁርጥራጭ መታየት ይጀምራል።
- መጠን፦ ለማሳተም አትንኩት። ለመላክ «ሪሳይዝ» የሚለውን ምልክት አድርጉ፣ ረዥሙን ጎን 2048 ፒክስል አድርጉ። «ሎክ አስፔክት ሬሾ» ምልክት ይደረግበት፣ አለበለዚያ ሰው ተለጥጦ ወይም ተጨፍልቆ ይወጣል።
- ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ስንት ነጥብ እንደሚታተም)፦ ሳጥኑ ውስጥ የተጻፈው ቁጥር ላይ ጊዜ አታጥፉ። ፋይሉ ላይ የሚጻፍ ማስታወሻ ነው እንጂ ጥራት አይጨምርም። ጥራቱን የሚወስነው የፒክስል ብዛት ነው።
- «ኢምቤድ አይሲሲ ፕሮፋይል»፦ ምልክት ይኑረው። ቀለሙ የትኛው ክልል እንደሆነ ለሚቀጥለው ማሽን የሚናገረው እሱ ነው።

10. የወጣውን ፈትሹ። አዲሱን ጄፔግ በሌላ ፕሮግራም ክፈቱት፣ ወደ ስልካችሁም ልካችሁ እዩት። 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ከሆነ ሙሉ መጠኑ 6000 በ4000 ፒክስል መሆን አለበት፣ ክብደቱም በርካታ ሜጋባይት ይሆናል። ጥቂት መቶ ኪሎባይት ብቻ ከሆነ መጠኑ ሳታውቁት ተቀንሷል ማለት ነው። ይህን ሳታዩ ሁሉንም አትቀይሩ።

11. የቀረውን በአንድ ጊዜ። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ብርሃን የተነሱ ፎቶዎች አንድ ዓይነት ማስተካከያ ይቀበላሉ። ያስተካከላችሁትን ምረጡ፣ ከ«ኤዲት» ሜኑ ሬሲፒውን (ያደረጋችኋቸውን ማስተካከያዎች ዝርዝር) ኮፒ አድርጉ፣ ሌሎቹን መርጣችሁ ፔስት አድርጉ። ከዚያ እያንዳንዱን ፈጠን ብላችሁ ተመልከቱ፤ ደመና መሃል ላይ ገብቶ ከሆነ ብርሃኑ ይለያል። ሲያልቅ ሁሉንም ምረጡና «ፋይል» ውስጥ «ባች ፕሮሰስ» በሉ። ሳጥኑ ከላይኛው ጋር ይመሳሰላል። «ኤክሲኪዩት» ስትሉ ሥራው ይጀምራል። ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስድ ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰኩት።

ለማሳተም ስንት ፒክስል?

ፎቶ ቤት በደንብ የሚያትመው በኢንች 300 ፒክስል ሲያገኝ ነው። 10 በ15 ሴንቲሜትር ፎቶ 1200 በ1800 ፒክስል ገደማ ይፈልጋል። 20 በ30 ደግሞ 2400 በ3600። የ24 ሜጋፒክስል ካሜራ ሙሉ ጄፔግ 50 በ33 ሴንቲሜትር ድረስ ይሄዳል። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ሰው ከራቅ ብሎ ስለሚያየው ከ300 ያነሰም ይበቃል። ለቴሌግራም ብላችሁ ያሳነሳችሁትን ፋይል ግን ለትልቅ ፎቶ አትስጡ። ሁለቱን ለየብቻ ፎልደር አድርጉ።

ኮምፒውተር ከሌለስ?

ብዙ የካኖን ካሜራዎች ፎቶ በሚታይበት ሜኑ ውስጥ «ሮው ኢሜጅ ፕሮሰሲንግ» የሚል አላቸው። ኒኮን ላይ በብዙ ሞዴሎች «ሪታች» ሜኑ ውስጥ «ኤንኢኤፍ ፕሮሰሲንግ» ይላል። ፉጂ «ሮው ኮንቨርዥን» ይለዋል። ፎቶውን ትመርጣላችሁ፣ ብርሃንና ዋይት ባላንስ ታስተካክላላችሁ፣ ካሜራው አዲስ ጄፔግ ካርዱ ላይ ያስቀምጣል። ስክሪኑ ትንሽ ስለሆነ ለሁለት ሦስት ፎቶ ነው የሚመቸው፣ ግን መብራት በሌለበትም ይሠራል።

በስልካችሁ ዲኤንጂ ካነሳችሁ «ስናፕሲድ» የተባለው ነፃ አፕ ይከፍተዋል። ሮው መሆኑን አውቆ የብርሃንና የቀለም ማስተካከያ ያመጣል፤ ስትጨርሱ ኤክስፖርት ብላችሁ በጄፔግ ታስቀምጣላችሁ። ማክ ያላችሁ ደግሞ «ፕሪቪው» ራሱ ሮው ይከፍታል፤ «ኤክስፖርት» ውስጥ ጄፔግን መምረጥ ነው። ፍጥነት ሲያስፈልግ ጥሩ ነው፣ ነጭ ልብስ ለበዛበት ፎቶ ግን ከላይ ያለውን መንገድ እመርጣለሁ።

ደጋግመው የሚያጋጥሙ ስህተቶች

*ስክሪንሾት ማንሳት።* ሮው አልላክ ሲል ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ መላክ ተለምዷል። የምታገኙት የስክሪኑን ፒክስል ብቻ ነው። 24 ሜጋፒክስሉ 2 ሜጋፒክስል ይሆናል።

*ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ መላክ።* ይህን ሁሉ ለፍታችሁ በመጨረሻ ቴሌግራም ያሳንሰዋል። የማያያዣውን ምልክት ነክታችሁ «ፋይል» የሚለውን ምረጡና ከዚያ ላኩ። ዋትስአፕ ላይ «ዶክዩመንት» ይባላል። ውጭ አገር ላለ ዘመድ፣ እዚያ ሊያሳትም ለሚፈልግ፣ መላክ ያለበት እንዲህ ነው። ግን እንደ ፋይል ሲላክ ፎቶው ውስጥ ያለው መረጃም አብሮ ይሄዳል። በስልክ የተነሳ ከሆነ የቤታችሁ አድራሻ በጂፒኤስ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ለማታውቁት ሰው ከመላካችሁ በፊት የቦታውን መረጃ አጥፉ። ዲፒፒ ላይ ስትቀይሩ የአነሳሱን መረጃ የሚያስወግድ ምርጫ እዚያው ሳጥን ላይ አለ።

*ጄፔጉን ደጋግሞ ሴቭ ማድረግ።* ጄፔግ ተስተካክሎ በተቀመጠ ቁጥር እንደገና ይጨመቃል፣ በእያንዳንዱም ትንሽ ይጎድለዋል። ማስተካከያ ከፈለጋችሁ ወደ ሮው ተመለሱና አዲስ ጄፔግ አውጡ።

*ጄፔጉ ስላለ ሮውን መሰረዝ።* ቦታ ጠበበ ብላችሁ ከሆነ የማትፈልጓቸውን ብዥ ያሉ ፎቶዎች ሰርዙ። የመረጣችኋቸውን ሮውዎች ግን ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ አኑሯቸው። ትልቅ ፎቶ ማሳተም ሲመጣ የምትፈልጉት እነሱን ነው።

*«ይህ ፋይል አይከፈትም» የሚል መልእክት።* ካሜራው ከሶፍትዌሩ አዲስ ሲሆን ይከሰታል። ለምሳሌ ሲአር3 የመጣው በ2018 ነው፣ ከዚያ በፊት የወጡ ሶፍትዌሮች አያውቁትም። መጀመሪያ ሶፍትዌሩን አድሱ። ኮምፒውተራችሁ አሮጌ ሆኖ አዲሱን ካልተቀበለ «አዶቤ ዲኤንጂ ኮንቨርተር» የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ሮውን ወደ ዲኤንጂ ይለውጠዋል፣ ዲኤንጂን ደግሞ ብዙ አሮጌ ሶፍትዌሮች ይከፍታሉ። ኮንቨርተሩንም ያልተቀበለ ኮምፒውተር ከሆነ አዲስ ኮምፒውተር ያለው ሰው ጋ ሄዳችሁ ወደ ዲኤንጂ አስለውጡት። አንድ ፋይል ብቻ አልከፈት ካለና ሌሎቹ ከተከፈቱ ግን ችግሩ ኮፒው ላይ ነው። ክብደቱን ከጎረቤቶቹ ጋር አስተያዩት፤ ሌሎቹ 28 ሜጋባይት ሆነው እሱ 3 ከሆነ ኮፒው ተቋርጧል። ካርዱን ፎርማት ካላደረጋችሁት ከዚያው እንደገና ገልብጡት።